ገመድ ላይ የተሰጣች ጀሪካን

መካነ ሰላም ውስጥ ስለ እኔ የሚወራውን ሰምታችሁ ከሆነ፣ አብዛኛው እውነት ነው። በገዛ እጁ የልጁን ለቅሶ ጠራ ይባላል፤ እውነት ነው። አእምሮው ተነክቷል ይባላል፤ ይህን ባለቤቴ ትመልስላችሁ። ሰዓሊ ሆኗል የሚሉም አሉ፤ ይህኛው ግን ስም ማጥፋት ነው፤ አልቀበለውም።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በዕድሜዬ ከካርታ በቀር የሳልኩት ነገር የለም። በካርታ ግን አልታማም፤ ፊቴን ወደ ተማሪዎች አዙሬ፣ እጄን ብቻ ወደ ኋላ ልኬ አፍሪካን ሰሌዳ ላይ አወርዳታለሁ። አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነት ስኮራ የአፍሪካ ቀንድ ከሰሌዳው አልፎ ግድግዳው ላይ ወጣ። ግድግዳው እስከ ዛሬ ቀለም አልተቀባም፤ ቀንዱም እዚያው አለ። ከዚህ የዘለለ የሥዕል ታሪክ የለኝም።

የውሃ ቀለሙ የመጣው ከልጄ ከስንዱ ነው። ስንዱ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ዐረብ አገር ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። ከጊዜ በኋላ አንዲት ከስደት ተመላሽ ስንዱ የላከችውን ካርቶን ይዛልን መጣች፤ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ለእናቷ ሻርፕ፣ ለእኔ ወፍራም ካልሲ። ከሁሉም ሥር አንድ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ብከፍተው የሕፃን ልጅ የውሃ ቀለም ነው። በእኛ ቤት ሕፃን የለም። ባለቤቴ አስካለ በስህተት የገባ ነው አለች። እኔ ግን ልጄን አውቃታለሁ፤ ስንዱ የሚጣል ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። የዚያ ቤት ልጅ ሰልችቶት ሲጥለው አንስታው ነው። ልጁ ሰማይና ባሕር ይወድ እንደነበርም ያስታውቃል፤ ሰማያዊው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ተፍቆ አልቋል። ቢጫውና ቀዩ ትንሽ ትንሽ ተነክተዋል። ቡናማው፣ ግራጫውና ጥቁሩ ግን ማንም አልደረሰባቸውም። ለመካነ ሰላም ክረምት ይኸው ይበቃል አልኩና ሣጥኑን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ከካርቶኑ በኋላ የስንዱ ድምፅ ጠፋ። መጀመሪያ ስልኳ ተበላሽቶ ነው አልን። ቀጥሎ ቤት ቀይራ ነው አልን። ከዚያ ምንም ማለት ተውን። በየማታው ስደውል አንዲት ዐረብ ሴት በለሰለሰ ድምፅ አንድ ነገር ትልና ስልኩ ይዘጋል። ዐረብኛ አልሰማም። ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም ቁርኣን የቀሩ ሴት ናቸውና ይገባቸው ይሆናል ብዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ "ክፉ ነገርስ አላለችም" አሉኝ። በዚህች ቃል ብዙ ቀን ኖርኩ። ዐረቢቱንም ከመልመዴ የተነሳ እንደምን አመሸሽ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ክረምቱ ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ። የአስካለ እህት ወረኢሉ ላይ ወለደችና አስካለ ልታርሳት ሄደች። እኔ ከዝናቡና ከቤት ዕቃው ጋር ቀረሁ። ብቻውን የቀረ ሰው የቤት ዕቃ ማየት ይጀምራል፤ በእኛ ቤት ደግሞ የስንዱ ያልሆነ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ክዳኑ የጠፋ ቀይ የፕላስቲክ ጆግ፣ ጠርዙ የተላጠ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ጥርሱ የጎደለ ማበጠሪያ፣ ልብስ የምታጥብበት ሳፋ፣ ውሃ የምትቀዳባት ቢጫ ጀሪካን። ሳያቸው ያመኛል፤ እንዳላያቸው ደግሞ ወዴት ልሂድ? በአንሶላ ልሸፍናቸው አሰብኩና ይህማ ራሱ ሟርት ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን አወረድኩ፣ ከትምህርት ቤት የተረፈ ወፍራም ቻርት ወረቀት ቆረጥኩ፣ ጆጉን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ሳልኩት። ማዳጋስካር ሆኖ ወጣ።

ቢሆንም እጄ ሥራ አገኘ። በዚያን ማታ ዐረቢቱ ጋ መደወል ረሳሁ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ በማግስቱ ጆጉን እንደገና አቆምኩት።

የውሃ ቀለም ምን ዓይነት ባሕርይ እንዳለው የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ካርታ ስትስሉ ድንበሩን ታሰምሩና ውስጡን ትቀባላችሁ፤ ሁሉም በአገሩ ይቀመጣል። የውሃ ቀለም ድንበር የሚባል ነገር አያውቅም። ቀዩ ሳይጠሩት ወደ ግራጫው ይሄዳል፤ ትንሽ ከቸኮላችሁ ኩባያው ሳፋው ውስጥ ይገባል። አስተካክላለሁ ብላችሁ ከነካካችሁት ደግሞ ሁሉም ነገር ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃ ደግሞ እዚህ ከደጅም ሞልቷል። ብዙ ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ ቀለሙን መግፋት ትቼ መጠበቅ ጀመርኩ። የኩባያውን ነጭነት ለማምጣት ስንት ቀን ታገልኩ፤ በኋላ እንደገባኝ ነጩ ቀለም አይደለም፣ ሳይነካ የተተወው ወረቀት ነው። ያንን ቦታ ዝም ብዬ ሳልፈው ኩባያው መጣ። ጠርዙ የተላጠበትን ቦታ በጥቁር ነካ ሳደርገው ደግሞ የእኛው ኩባያ ሆነ፣ የሌላ የማንም አይደለም። ተነስቼ ቆሜ አየሁት። ዕድሜ ልኬን የጠጣሁበት ዕቃ ነው፤ እንዲህ የሚያምር መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከሁሉም ግን ጀሪካኗ። ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልቼ በሩ ላይ አስቀመጥኳት። ብርሃኑ ከኋላዋ ሲገባ ከላይ ባዶው ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ከታች ውሃው ያለበት ሌላ ቢጫ ነው፣ ማር ሊሆን ጥቂት የቀረው። ጎኗ ላይ አንድ ሰማያዊ ጥፍጥፍ አለ። ጀሪካኗ የተሰነጠቀች ጊዜ አዲስ እንግዛ ስንላት ስንዱ እምቢ ብላ፣ ቢላዋ እሳት ላይ አግላ፣ የአሮጌ ባልዲ ስባሪ አቅልጣ የለጠፈችው ነው። ከዚያ ወዲህ ጠብ ብላ አታውቅም። ጥፍጥፉን ለመሳል ሰማያዊ አስፈለገኝ፤ ሰማያዊው ደግሞ አልቋል። የብሩሹን ጫፍ በምራቄ እያራስኩ ከሣጥኑ ማዕዘን ማዕዘን የቀረችውን ፍቄ አወጣሁ። የዚያ የማላውቀው ልጅ የመጨረሻ ባሕር የልጄ ጀሪካን ላይ ዋለች። ስጨርስ አለቀስኩ፤ ግን ደህና ለቅሶ ነበር፣ የሚያሳርፍ።

የክረምት ነገር ሆኖ ወረቀቱ ቤት ውስጥ አልደርቅ አለ። መሬት ባነጥፈው ይሻግታል፣ ምድጃ ዳር ባቆመው ይኮማተራል። ጠዋት ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል የልብስ መቆንጠጫ ይዤ ወጣሁና ሥዕሎቹን ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተራ በተራ አሰጣኋቸው። ጆጉ፣ ኩባያው፣ ማበጠሪያው፣ ሳፋው፣ መጨረሻ ላይ ጀሪካኗ።

እትዬ ዘምዘም ከአጥሩ ማዶ ቀና አሉ። አማን ነው ሊሉኝ እጃቸውን አንስተው ነበር፤ እጃቸው መንገድ ላይ ቀረና አፋቸው ላይ አረፈ። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጀሪካኗ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የስንዱ ዕቃ ነው ወይ ብለው በቀስታ ጠየቁኝ። እኔም በኩራት፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ አዎን የስንዱ ነው አልኩ። ያረቢ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ሥዕሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው አለቀሰ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

አሁን ሳስበው እንዲህ ያለ ስህተት የሌላ አገር ሰው ቢሠራው ይቅር ይባላል። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ዕቃው ይወጣል። ልብሱ፣ ፎቶው፣ በእጁ ይይዘው የነበረው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይታያል፤ አልቃሹ እያነሳ ያለቅስበታል። አስከሬኗ ባሕር ማዶ ለቀረች ልጅማ ዕቃዋ ነው አስከሬኗ። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ በስንት ጎረቤት ለቅሶ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። በዚያን ጠዋት ግን ቀለሙ ይደርቅ አይደርቅ እንደሆን እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ዘምዘም ቤት አንድ ሳህን ንፍሮ መጣ። ንፍሮ ወደ ምን ዓይነት ቤት እንደሚላክ ጠፍቶኝ አይደለም። ሚስቱ የሄደችበትና ቀለም ሲበጠብጥ የዋለ ሰው ግን የተላከለትን ይበላል እንጂ አይመረምርም። በላሁት፤ ጨው በልኩ ነበር። በማግስቱ ከገበያ ስመለስ የሰፈር ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ቆመ። የሥራ ባልደረባዬ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ። ሥዕሌ ይህን ያህል ተወርቶለታል እንዴ ብዬ ተገረምኩ። አያችሁ፣ ሰው ምን ያህል ሞኝ ሊሆን እንደሚችል።

ያነቃኝ ገበያው የሚባለው ሰው ነው። ገበያው በጓሮ በኩል የሚዋሰነኝ ጎረቤቴ ነው፤ የጣሪያው ውሃ በእኔ ግቢ ስለሚወርድ ስንት ክረምት ተኮራርፈናል። ቦይ ቆፍር ስለው መሬቱ ነው የሚያዘቀዝቀው ይለኛል፤ ጂኦግራፊ ለእኔ። በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት ስነሳ ገበያው ዝናብ እየወረደበት በራሱ አካፋ ቦይ ይቆፍራል። ቀና ብሎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አብሽር መምህር" አለኝ። ወዳጅ ቢያዝንልኝ ወዳጅነቱ ነው። ገበያው ካዘነልኝ ግን ስንዱ ሞታለች።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ፤ የተዘጋው ወሬ፣ ያልተለቀቀው እጅ፣ ንፍሮው። መርዶ እዚህ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ከቤተ ሰቡ በፊት አገር ሁሉ ይሰማዋል፤ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፣ ቀን ይቆርጡለታል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ መጥተው በሩን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ የመርዶው ባለቤት ብቻ ምንም ሳያውቅ ሲስቅ ይከርማል። ለካ እኔ ነኝ ባለቤቱ። ለምን አልጠየቅህም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። መርዶ አይጠየቅም፤ ወግ አይደለም። ደግሞስ እስካልጠየቅሁ ድረስ ልጄ አለች። ማንም ደፍሮ እስኪነግረኝ ድረስ በሕይወት ላቆያት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

እናም ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ፣ ኮቴን ለብሼ፣ የላከችልኝን ካልሲ አድርጌ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ማንም አይመጣም። ሲነጋ ኮቴን አወልቅና እስላለሁ። መጥረጊያዋን ሳልኩ። የበር ቁልፏን ሳልኩ። ነጠላ ጫማዋን ስስል የአውራ ጣቷ ጉድጓድ እዚያው ታትሞ ቀርቷል፤ በዚያ ላይ ግራጫ ለማፍሰስ እጄ እምቢ ብሎኝ ብዙ ቆየሁ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር አዲሶቹን እየጨመርኩ አሰጣለሁ። ገመዱ ሞላ። በአጥሩ ማዶ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያያል፤ እያየም ይበልጥ ያምናል። እኔ እነሱ እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ፤ እነሱ ደግሞ እኔ አፌን እስክከፍት ይጠብቃሉ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሐዘን ሲደርስ አብሮ የሚቆምበት ቅሬያችን በእኔ ጉዳይ ተሰብስቦ ተጨንቋል። ሰውዬው መርዶውን ብቻውን ሰምቶ፣ ከሚስቱ ደብቆ፣ በየቀኑ ዕቃ እያወጣ ነው፤ አንድ ጠብታ እንባ ግን አላፈሰሰም፤ ካላስለቀስነው ያብዳል ተባለ። ለአስካለም ባልሽ ትንሽ አሞታል ድረሽ ተብሎ ወረኢሉ ተላከባት።

አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መጡ። በሩን ስከፍት የቅሬው ዳኛ ጋሽ ታደሰ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ፣ የድንኳኑ ምሰሶ፣ አግዳሚው፣ ትልቁ ድስት። ኮቴን ለብሼ፣ ካልሲዬን አድርጌ፣ ተዘጋጅቼ ነበር። መዘጋጀት ግን ምንም አልጠቀመኝም።

"መምህር፣ ይህን ብቻህን አትችለውም" አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

እትዬ ዘምዘም "ስንዱዬ" ብለው ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በደንብ አላስታውስም። መሬት ወድቄ ነበር። ገበያው በብብቴ ገብቶ አነሳኝ። ሴቶቹ ሥዕሎቹን ከገመዱ እያወረዱ፣ ከፍ አድርገው እያሳዩ አለቀሱባቸው፤ በዚህች ውሃ የቀዳሽ፣ በዚህች ፀጉርሽን ያበጠርሽ እያሉ። አንዲት አልቃሽ ጀሪካኗን ይዛ ግቢውን ስትዞር፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሥዕሉ ከሩቅም እንደሚያምር አየሁ። ወዲያው ካፊያ ጀመረ። የጆጉ ቀይ እየሟሟ በጋሽ ታደሰ ነጭ ጋቢ ላይ ወረደ። እኔም ልጄን እያለቀስኩ፣ በዚያው ድምፅ፣ አልደረቀም፣ በጫፍ በጫፉ ያዙት እያልኩ ጮህኩ። ለቀስተኛው ይህንንም ሙሾ መስሎት ተቀበለኝ።

አስካለ የደረሰችው ድንኳኑ ቆሞ ካለቀ በኋላ ነው። ከሚኒባስ ወርዳ በጭቃው ሮጣለች፤ አንድ ጫማዋ እግሯ ላይ የለም። ድንኳኑን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ ቆሜያለሁ። የታመመው እኔ ካልሆንኩ የሞተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ጩኸት ጠበቅን፤ አልጮኸችም። ወደ መሐል ገባችና ሁላችንንም በየተራ አየችን።

"ማነው የነገራችሁ?" አለች።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። "ባልሽ ነዋ" አሉ።

"እኔ?" አልኩ። "እናንተ አይደላችሁም እንዴ?"

"እኛማ ከአንተ ነው ያወቅነው።"

"እኔ ምን አልኩ?"

"ምንም አላልክም። ዕቃዋን አወጣህ።"

ዕቃዋን አላወጣሁም፣ ሥዕል ነው፣ እንዲደርቅ ነው አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም የዕብድ ንግግር መሰለኝ። እትዬ ዘምዘም ንፍሮዬንስ ተቀብለህ አልበላህም ወይ አሉኝ፤ እኔም ርቦኝ ነው አልኩ። አንዱ ከኋላ ሳቁን ሊያፍን ሲታገል ሰማሁት።

"እንግዲያ ልጄ አለች ማለት ነው?" አለች አስካለ።

ይህን የምትጠይቀው እኔን ብቻ አልነበረም። ጋሽ ታደሰን አየች፣ ገበያውን አየች፣ ሴቶቹን አየች። መሞቷን ያየ የለም፤ ይህ ተጣርቷል። አለች ብሎ የሚምል ሰው ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ አልተገኘም። አስካለ መልሱን ስትጠብቅ ቆየች፤ ስታጣው ሥሯ ባገኘችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዘምዘም አጠገቧ ሄደው "አብሽሪ አስካለ፣ የተሳሳትነው እኛ ነን እንጂ አላህ አይደለም" አሏት። ለቀስተኛውም አልተነሳም። የሞተ ስለሌለ ማጽናናት አይቻልም፤ ጥሎ መሄድም አልሆነለትም። የተቀቀለውን ንፍሮ እየቆነጠረ ዝናቡ እስኪያባራ አብሮን ተቀመጠ።

አስካለ በዚያው ዕለት ሥዕሎቹ እንዲነሱ አደረገች። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ ሟርቱ ደግሞ ከእነዚህ ወረቀቶች ነው የመጣው አለች። ፍራሽ ሥር ከተትኳቸው። ልትቀድዳቸው ነበር፤ ጀሪካኗን ስታነሳ ጥፍጥፉን አየችና ተወችው። ከዚያ በኋላ እኔን ማናገር አቆመች። ገበያው በበኩሉ እንደ ድሮው ሰላምታ ነሳኝ፤ ቦዩን ግን አልደፈነውም፣ ይህን ልመሰክርለት ይገባል።

አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። የገበያው ሴት ልጅ ሥዕሎቹ በፀሐይ ተሰጥተው ሳሉ በስልኳ ፎቶ አንስታቸው ኖሯል። ኢንተርኔት ብቅ ባለች ሰዓት ከስንዱ ፎቶ ጋር አድርጋ፣ ነፍስ ይማር ብላ ለጥፋዋለች። ስህተት መሆኑ ሲታወቅ ላጥፋው ብትል ኔትወርክ የለም። አስካለ ይህን ስትሰማ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ አንድ ጠዋት የማላውቀው የውጭ ቁጥር ደወለ።

"አባዬ" አለችኝ።

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"አባዬ፣ ሞትኩ እንዴ?"

"ኧረ አልሞትሽም" አልኳት፣ እኔ የማውቀው ነገር ይመስል።

ስንዱ አሠሪዎቿን ጥላ ከወጣች ቆይታለች። ተይዛ፣ ከብዙ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ወደ አገር የምትመለስበትን ወረቀት እየጠበቀች ነው። ለምን ወጣሽ አልኳት፤ እንዳልሰማች አለፈችኝ። ደህና ነሽ ወይ ስላት ቀኝ እጄ ነው፣ አሁን ይሻለኛል አለች። ምን ሆኖ ነው እንዳልል ድምፅዋ ከለከለኝ። አንዲት የኩታበር ልጅ ስልክ ደብቃ አስገብታ ኖሮ፣ በአገርሽ በኩል የሞተች ልጅ አለች ብላ አሳየቻት። ስንዱ ከራሷ ፎቶ በፊት ያወቀችው ጀሪካኗን ነው፤ በሰማያዊው ጥፍጥፍ።

"እንዲህ ታምር ነበር እንዴ ጀሪካናችን?" አለችኝ።

"አላውቅም። እኔም አሁን ነው ያየኋት።"

"እዚህ ያሉት ልጆች እየተቀባበሉ ሲያዩዋቸው ነው የዋሉት። የኛ ቤት ነው አልኳቸው። አታውርዳቸው አባዬ።"

አስካለ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። የልጇን ስም ብቻ ነው የጠራችው። መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ያቺው ዐረብ ሴት በለሰለሰ ድምፅዋ የምትለውን አለችኝ።

አታውርዳቸው ያለችኝን ስነግራት አስካለ ወደ ፍራሹ ሄደች። ሥዕሎቹን አወጣች፣ በመዳፏ አለሳለሰቻቸው፣ መቆንጠጫውን በጥርሷ ይዛ ገመዱ ላይ ራሷ ሰቀለቻቸው። የጆጉ ቀይ ፈስሶ አልቋል፤ እሱንም ሰቀለችው። ዝናብ ሲመጣ ታወርዳቸዋለች፣ ሲያባራ ትመልሳቸዋለች። ከዚያ ወዲህ እኔ አልነካቸውም። በማግስቱ እትዬ ዘምዘም ዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው ለሶላት ውዱእ የምታደርግባትን ማንቆርቆሪያ በሻርፓቸው ሸፍነው አመጡልኝ። ይቺንም ሳልልኝ፣ ግን ተኝታ ትድረቅ፣ አትስቀላት አሉኝ። ሰማያዊ ነበረች። በግራጫና በቡናማ እንደምንም አደረስኳት።

ስንዱ እስካሁን አልመጣችም፤ ደግማም አልደወለችም። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣ መንገደኛ በአጥሩ ሲያልፍ ገመዱን ያያል፤ የሰው ዕቃ በተራ ተሰጥቶ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ ያቅተዋል። ከዘራውን በር ላይ አስደግፎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ይገባል፤ ማን እንደሆንን እንኳን ሳያውቅ እግዜር ያጽናችሁ ይለናል። መጀመሪያ ሰሞን ተነስቼ፣ ኧረ የሞተ የለም፣ ነገሩ እንዲህ ነው ብዬ ከቀለሙ ሣጥን ጀምሬ ላስረዳ እሞክር ነበር። ባለፈው ቅዳሜም አንድ ሽማግሌ ገብተው እንዲሁ ሲሉን አፌን ልከፍት ስል አስካለ እጄን ያዘችኝ።

"አሜን በል" አለችኝ። "የሞተብን የለም። መጽናት ግን ያስፈልገናል።"

አሜን አልኩ።